ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከጃንሜዳ እስከ አፍሪካ እግር ኳስ ሸንጎ

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም የቡሄ በዓል ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ጅራፍ እያጮኹና በዱላቸው መሬት እየመቱ ከደጅ ደጅ በሚዞሩበት በዚያ ዕለት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ65 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሕይወታቸው ያለፈው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ነው። የተወለዱትም በበዓል ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር።

ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ልባቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ አልተለየም። መርዶው እቤታችን በደረሰ ጊዜ ሆያ ሆዬ ሊሉ ለመጡት ልጆች ሙልሙሉን ራሳቸው አውጥተው ሰጡና፣ ያለወትሯቸው ጨዋታውን ሳያስጨርሱ ሸኟቸው። ከዚያም ከቁም ሣጥናቸው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። በደብተሩ ውስጥ አባቴ በወጣትነታቸው በዓይናቸው ያዩዋቸው የይድነቃቸው ግቦች በአጫጭር መስመሮች እየተጫሩ ተመዝግበዋል። በዚያ ምሽት አባቴ ከዚህ ደብተር ሌላ ምንም ነገር አላነጋገራቸውም።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። የፈረንሳይኛ ቋንቋ ችሎታቸው ከጊዜ በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ከፍተኛ ጥቅም ሰጥቷቸዋል። በተማሪነታቸው ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ኳሱ ሳያሸንፋቸው አልቀረም።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም በአራዳ ወጣቶች ሲመሠረት፣ የመሥራችነቱን ስም የያዙት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው በ14 ዓመታቸው ገደማ ከዚህ ክለብ ጋር ተቀላቀሉ። ነገር ግን ክለቡ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ስለ አቶ ይድነቃቸው በሚወራበት ጊዜ የሚበዙት ተናጋሪዎች በቶሎ ወደ ዋንጫውና ወደ ሹመቱ ይሻገራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን የሰውየው ሕይወት ቁልፍ ያለው በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው ብሎ ያምናል። ወራሪው መንግሥት ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ ሠፈር፣ በገበያና በመዝናኛ ስፍራ በሕግ ለየ። የኳስ ሜዳውም ከዚህ አልተረፈም። የአገሬው ልጆች እርስ በርሳቸው ለብቻ እንዲጫወቱ ሲፈቀድላቸው፣ ከነጮቹ ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፍ ተከለከሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስምም ቀርቶ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል ከፋሽስቱ ፓርቲ ዓርማ የተወሰደ ነው። እንግዲህ ይድነቃቸው ከ15 ዓመታቸው እስከ 20 ዓመታቸው የተጫወቱት፣ የጠላትን ዓርማ በስሙ ላይ በተሸከመ ቡድን ውስጥ፣ በሕግ ዝቅተኛ ተብለው በተመደቡበት ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሰው ኳስ ለመጫወት ከእግሩ ይልቅ የቆዳው ቀለም ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

በ1933 ዓ.ም አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በአዲስ አበባም የኢጣሊያውያን ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በእነዚህ መካከል ሲካሄድ ብቸኛው የኢትዮጵያውያን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ መቆም ተከልክሎ የነበረ ቡድን ከውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ጋር በአንድ ሻምፒዮና ሲወዳደር በአራዳ ምን ዓይነት ደስታ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። አባቴ በዚያን ዓመት ገና የ11 ዓመት ልጅ ስለነበሩ ጨዋታውን በዓይናቸው አላዩም። ይሁን እንጂ እንዳዩት አድርገው ይተርኩት ነበር፤ እኛም ልጆቻቸው አንድም ጊዜ አላረምናቸውም።

እርሳቸው ይድነቃቸውን ማየት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከጉለሌ ተነስተው በእግራቸው ይሄዱና ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ እንደነበር ነግረውናል። ሲመለሱ በደብተራቸው ላይ ለእያንዳንዱ ግብ አንድ መስመር ይጭራሉ፤ አምስተኛው መስመር አራቱን በአግድም ያቋርጣል። ዝናብ የጣለ እንደሆነ ከዳር ላይ ዝናብ የሚል ቃል ይጨምራሉ። የተሳተ ቅጣት ምት የሚመዘገብበት ስፍራ ግን በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። ለምን ተብለው ቢጠየቁ የመዝገብ ቤት ሰው ሁሉን ወረቀት አያስቀምጥም የሚል መልስ ነበራቸው።

በክለቡ ታሪክ እንደሚነገረው አቶ ይድነቃቸው ለ23 ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ተሰልፈው 365 ጨዋታዎችን አድርገዋል፤ 318 ግቦችንም አስቆጥረዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። አባቴ 318 የሚለውን ቁጥር ፈጽሞ አልተቀበሉትም፤ ያንሳል ባይ ነበሩ። የእርሳቸው ደብተር የያዘው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ያላዩትን አልጻፉም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ክርክር ለብዙ ዓመታት ዘልቋል።

ከዘመኑ ሌሎች ኮከቦች አቶ ይድነቃቸውን የሚለያቸው እየተጫወቱ የአስተዳደሩን ሥራ መያዛቸው ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከዋነኞቹ አንዱ ነበሩ። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። አሰልጣኝነቱንም ያዙ፤ በኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ምሥረታም ድርሻቸውን አበረከቱ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) አባል ስትሆን የደብዳቤው፣ የመተዳደሪያ ደንቡና የምዝገባው ሥራ እንዲህ ባሉ ጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። የሕጉ በአማርኛ መገኘት ለዛሬ አንባቢ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያን ዘመን ግን ዳኛው የውጭ አገር ሰው፣ ሕጉም የውጭ አገር ቋንቋ በሆነበት ሜዳ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ለምን እንደተቀጣ እንኳ ማወቅ የማይችልበት ጊዜ ነበር። ሕጉን ያላነበበ ተከራክሮ አይረታም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም በካርቱም ከተማ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ኢትዮጵያን የወከሉት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ 35 ዓመታቸው ነው፤ ኳስ መጫወቱንም ገና አላቆሙም። ከምሥረታው ጋር ተያይዞ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው በካርቱም ሊካሄድ ታቅዶ፣ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ዕጣ ወጣ። የአፓርታይድ ሥርዓት የሚገዛት ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ሁለቱን የቀላቀለ ቡድን አላመጣም አለች።

አዲሱ ኮንፌዴሬሽን ገና ሲወለድ አባላቱ አራት ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱን ማስወጣት ውድድሩን በሦስት ቡድን ማስቀረት ነው። በጉባኤው ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ነገሩን በይደር ማለፍ፣ ጥቁሮቹን ብቻ አምጡ ብሎ መስማማትም ይቻል ነበር። ይህ አልሆነም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ተሰረዘች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነው። ሽንፈቱ ከባድ ነበር። ሆኖም አቶ ይድነቃቸው ከካርቱም ይዘውት የተመለሱት ነገር ከዋንጫ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው።

የዋንጫው ጊዜም ሩቅ አልነበረም። በጥር ወር 1954 ዓ.ም ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ሁለት ግብ ቀድማ አግብታ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከኋላ ተነስታ 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀት በዓል ሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ ዕለት የፍጻሜው ጨዋታ ተደረገ። ተጋጣሚዋ የሁለቱ ቀዳሚ ዋንጫዎች ባለቤት ግብፅ ነበረች።

ይህን ጨዋታ አባቴ ከስታዲየሙ ውስጥ ሆነው አይተውታል። በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ኢትዮጵያ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ዘሎ ገና ሳይቀመጥ በሚቀጥለው ደቂቃ ባደዊ እንደገና አገባ። አባቴ በሕይወታቸው እንደዚያች አንዲት ደቂቃ የረዘመ ጊዜ እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር። ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት እኩል አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ነበር።

ሉቺያኖና ወንድሙ ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። የፋሽስቱ ሕግ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሁለቱም ወገን ያገለለ ነበር። በልጅነታቸው በዚያ ሕግ ከሜዳ የተለዩት አሰልጣኝ፣ የኢጣሊያዊውን ልጅ የኢትዮጵያ አምበል አድርገው ወደ ሜዳ አሰለፉ። ይህን ነገር በዚያን ዕለት ስንት ተመልካች አስተውሎት እንደሆነ አይታወቅም። አባቴ እንኳ ብዙ ቆይተው ነው ያነሱልኝ።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ትግል ከሜዳው ወደ ስብሰባ አዳራሹ ዞረ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 ቢያግድም፣ በፕሬዚዳንቱ በሰር ስታንሊ ራውስ ዘመን በ1963 እገዳው ተነሳ። አፍሪካውያኑ ተቃውሟቸውን አጠናክረው በ1964 በቶኪዮው ጉባኤ እገዳውን አስመለሱ። በዚሁ ዓመት ሌላ ክርክር ተነሳ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት የተመደበው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው በግንባር ቀደምትነት በመሩት ተቃውሞ 15 የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በገንዘብ ቢቀጣቸውም ከአቋማቸው አልተመለሱም። በ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ ለራሷ አንድ ቦታ አገኘች፤ በ1982 ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በፕሬዚዳንትነቱ ለ15 ዓመታት ቆይተዋል። በ1974 በፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ለብራዚላዊው ዦአዎ ሃቬላንዥ በመስጠቱ ራውስ ተሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላም ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ አባልነት ተሰረዘች። በካርቱም በአራት አገሮች መካከል የተወሰነው ውሳኔ የዓለም ውሳኔ እስኪሆን 19 ዓመት ፈጀ። በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ የነበረው ሥራ ጭብጨባ የሌለበት ነው፦ አጀንዳ ማስያዝ፣ ድምፅ መቁጠር፣ ቃለ ጉባኤ ማረም፣ ደንብን ከአንቀጽ አንቀጽ እያመሳከሩ መሞገት። በመዝገብ ቤት የኖሩት አባቴ ከ318ቱ ግቦች ቀጥሎ የሚያደንቁላቸው ይህንን ነበር።

ሁሉም ትግላቸው ግን አልሠመረም። አቶ ይድነቃቸው አፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾቿን ወደ አውሮፓ እየላከች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና እንዳትቀር አጥብቀው ይሟገቱ ነበር። ካፍ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከውጭ አገር ከሚጫወቱ ልጆቹ ሁለት ብቻ እንዲያሰልፍ የሚያስገድድ ደንብ ነበረው፤ በ1982 ደንቡ ተሻረ። የአልኮልና የትንባሆ ማስታወቂያ ወደ ስፖርት እንዳይገባም ተቃውመዋል። ዛሬ የአብዛኞቹ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ተሰላፊዎች አውሮፓ ውስጥ የሚጫወቱ ናቸው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አቶ ይድነቃቸው በሽታውን በትክክል ቢያውቁትም መድኃኒቱ አልያዘላቸውም። አንድ ወጣት በአገሩ ኳስ ተጫውቶ ቤተሰቡን ማስተዳደር ካልቻለ፣ ሁለት ብቻ የሚል ደንብ ከመሄድ አያግደውም።

በአገር ቤትም ቅሬታ ነበር፤ አባቴ ከቅሬተኞቹ አንዱ ነበሩ። በደርግ ዘመን ክለቦች እንደገና ሲደራጁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቶ ቡድኑ በቢራ ፋብሪካው ስም ይጠራ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑም እየደከመ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በሊቢያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከተሳተፈ በኋላ ከውድድሩ ራቀ። ሰውየው የመላው አፍሪካን እግር ኳስ ሲያስተዳድሩ የራሳቸው ክለብ ስሙን፣ የራሳቸው አገር ቦታዋን ማጣቷን አባቴ ሊውጡት አልቻሉም። አፍሪካ ወሰደችብን ይሉ ነበር። ቅሬታው ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንድ ሰው፣ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ የአገሩን ቡድን ከሩቅ ሆኖ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ቢሆንም ደጋፊ እንዲህ ነው፤ የሚወደውን ሰው ለማንም አያካፍልም።

ክለቡ ስሙን መልሶ ያገኘው በደርግ ውድቀት ማግሥት ነው። ደቡብ አፍሪካም ከአፓርታይድ ሥርዓት እየተላቀቀች ስትሄድ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች። ሁለቱንም አቶ ይድነቃቸው አላዩም።

ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም ሲሆን አስተናጋጇ አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታ በኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተደረገ። አባቴ በዚያን ጊዜ 80 ዓመት ስለሆናቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር አስጠግቼ አስቀመጥኳቸው። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ፊታቸውን አዞሩ። ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ፤ ዛምቢያም ቀድማ አገባች። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። አባቴ ያገባው ልጅ የየትኛው ክለብ እንደሆነ ጠየቁኝ። የጊዮርጊስ ነው አልኳቸው። ጨዋታው 1 ለ 1 እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ካለቀ በኋላ ግን የዕለቱን ቀን እንድነግራቸው ፈለጉ። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ለማየት ስነሳ ቀደሙኝ፤ ጥር 13 ነበር።